የቀለበት ቀን ሰዓት

ጋሽ ባምላኩ ሰዓቷን ተቀብለው ወዲያው አልከፈቷትም። በአውራ ጣታቸው ጀርባዋን አሸት አሸት አደረጉና ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቷት። ወይዘሮ በላይነሽ ከመስታወት ሣጥኑ ፊት ቆማ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጣብቃ ታያቸዋለች። ከኋላዋ የኮልፌ ገበያ ይተራመሳል። አንድ ባለጋሪ "ዞር በሉ!" እያለ ቢጮህም አልሰማችውም።

"ሳሙና ጠጥታለች" አሉ ጋሽ ባምላኩ። "ይህቺ ሰዓት ሳህን አጥባለች፤ ልብስም አጥባለች። የማን ናት?"

"የልጄ ናት፣ ጋሼ።"

"ልጅሽ ውሃ ስትነካ አታወልቃትም?"

"አታወልቃትም።"

"ለምን?"

በላይነሽ መልሱን ታውቀዋለች። ልጇ ውዳሴ ሰዓቷን የማታወልቃት እጮኛዋ ቀዳማዊ እንዳታወልቂ ስላላት ነበር። እሱ አየር ጤና ሰፈር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። አለባበሱ ያማረ፣ ትልቅ ሰው ሲያይ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም የሚል ልጅ ነው። በቀለበታቸው ቀን ሰዓቷን በሰው ፊት በገዛ እጁ አሰረላት። ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በቪዲዮ እየደወለ "እጅሽን አሳዪኝ" ይላት ጀመር። ውዳሴ መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ናት። ወረፋ የያዘ በሽተኛ ፊት ለፊቷ ቆሞ እያየ እጇን ወደ ስልኩ ታነሳለች። አንድ ቀን ባዶ እጇን ካየ "የት ጣልሻት? ለማን ሰጠሻት?" ይከተላል። ስለዚህ ሳህንም ከነሰዓቷ ታጥባለች፤ ገላዋንም።

ይህን ሁሉ ለማያውቁት ሰዓት ሠሪ እንዴት ብላ ታውራ? "ትወዳት ነበር" ብላ አለፈችው።

ጋሽ ባምላኩ ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው የሰዓቷን ጀርባ በስለት ፈለቀቁት።

"ወርቅ ናት ብሎ የሸጠላችሁ ካለ ጉድ ሠርቷችኋል። ነሐስ ላይ የተቀባ ቀለም ነው፤ ይኸው ማሰሪያዋ ጋ ለቋል። የልጅቷን እጅ አረንጓዴ አላደረገውም?"

"አድርጎታል።"

"ማሽኗም ተራ የባትሪ ማሽን ነው። ለጌጥ የተሠራች እንጂ ለዕድሜ የተሠራች አይደለችም።" ወደ ብርሃን አዙረው ጠርዟን አዩ። "ይሄ ስርጉድ ደግሞ ምንድን ነው? በመዶሻ መታችኋት እንዴ?"

"በር ነው።"

"የምን በር?"

"የመኪና በር።"

ሽማግሌው ማጉያውን ከዓይናቸው አወረዱና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩ። ሰዓቷን መልሰው ገጠሙና ጨርቅ ላይ አስቀመጧት።

"አዲስ ሳለች ቢበዛ ሦስት ሺህ ብር ብታወጣ ነው። አሁን ስምንት መቶ የሚሰጥሽ ካገኘሽ አመስግነሽ ተቀበዪው።"

በላይነሽ እፎይ ልትል ምንም አልቀራት። ከዚያ ነገሩ ገባትና የሣጥኑን ጠርዝ ያዘች።

ቀዳማዊ በቀለበቱ ቀን ሠላሳ እንግዳ ፊት "ከዱባይ ያስመጣኋት ናት፤ አርባ ሺህ ብር!" ብሎ ነበር። ሰው አጨብጭቧል፤ እልል ተብሏል። ውዳሴ ከዚያ በኋላ አልፈልገውም ብላ ስትመልሰው ቀለበቱም ቀሚሱም ሄደለት፤ የቀረችው ሰዓቷ ብቻ ናት። "አርጅታ፣ ተቀጥቅጣ አልቀበልም" አለ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ፈረዱ፤ ሰዓቷን ከነእርጅናዋ ይወስዳል፣ በመለበስ ከዋጋዋ የጎደለውን ደግሞ የልጅቷ ወገን ይከፍለዋል። ስንት እንደጎደለ ሁለቱንም ወገን የማያውቅ ሰዓት ሠሪ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥቶ ይነግራቸዋል።

በላይነሽ የክፍያው ነገር አላስጨነቃትም። ከልብስ ሰፊዎች እየተቀበለች ቁልፍ በመትከልና ጠርዝ በመዘምዘም ነው የምትኖረው፤ ያም ሆኖ የዕቁብ ዕጣዋን ከጎረቤቷ ተለዋውጣ ሠላሳ ሺህ ብር አስቀምጣለች። አርባ ሺህ ናት ይባል፣ ትክፈልና ይሂድላት! እሱ ተክሷል ተብሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ከልጇ ሕይወት ይውጣላት። የፈራችው ሌላ ነው፤ ውሸቱ ተገልጦ በሰው ፊት እንዳይሳቅበት። ሰዎች ሟርተኛ ይሏታል፤ ውዳሴም "እማዬ ደግሞ ጀመርሽ!" ትላታለች። ግን በላይነሽ ያን ልጅ አንድ ቀን ሲሳቅበት ምን እንዳደረገ ታውቃለች።

ከጓደኞቹ ጋር ምሳ ላይ ነበሩ። ቀዳማዊ ስለ መኪናው ሲያወራ ውዳሴ ሳታስበው "የወንድምህ አይደለችም እንዴ?" አለች። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ራሱ ቀዳማዊ ነው። ሒሳብ ከፈለ፣ ሁሉንም አቅፎ ተሰናበተ፣ የመኪናውን በር ከፈተላት። ልትገባ እጇን በሩ ጠርዝ ላይ ስታሳርፍ ዘጋባት። ያን ዕለት አጥንቷን ያተረፈላት ያ የተቀባ ነሐስ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህ ሲነገራቸው "የወጣት ጠብ ነው፤ ደግሞስ በር በስሕተት አይዘጋም?" ብለው አልፈውታል።

"ጋሼ" አለች በላይነሽ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ "እሑድ አቶ መሸሻ ቤት እንዲገምቱ የተጠሩት ይህችኑ ሰዓት ነው።"

ጋሽ ባምላኩ እጃቸውን ከሰዓቷ ላይ እንደ ጋለ ምጣድ አነሱት።

"በይ እንግዲህ ውሰጂልኝ! ገማች ባለጉዳይን ለብቻ አያናግርም። ዝቅ አድርግልኝ ልትዪ መጥተሽ ከሆነ..."

"ከፍ ያድርጉልኝ ነው የምለው።"

"ምን አልሽ?"

"አርባ ሺህ ነበረች፣ አሁን አሥራ ሁለት ሺህ ታወጣለች ይበሉልኝ። የጎደለውን ሃያ ስምንት ሺህ እከፍላለሁ።"

"ከፋይዋ አንቺው ነሽ አይደል?"

"እኔው ነኝ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት ከዚህ ሣጥን ኋላ ስቀመጥ ቀንስልኝ ያለኝ እንጂ ጨምርብኝ ያለኝ ሰው አልገጠመኝም። ደህና ነሽ ወይ፣ ልጄ?"

ነገረቻቸው። ስለ ቪዲዮው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ሳቁ። ስትጨርስ ጋሽ ባምላኩ አንዲት ትንሽ ብሎን በጣታቸው ጫፍ አንከባለሉ።

"ውሸት ነው፤ ግን የሚጎዳው አንቺን ብቻ ነው" አሉ በመጨረሻ። "እሺ። አርባ፣ አሥራ ሁለት። እግዜርም ያየዋል።"

እሑድ የአቶ መሸሻ ሳሎን ሞልቶ ጠበቃቸው። አቶ መሸሻ ከጎጃም መጥተው ቀራንዮ ከሰፈሩ ብዙ ዓመት አልሆናቸውም፤ ግን ሰማንያን አልፈዋል፣ የሽማግሌዎቹም አንጋፋ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። አጠገባቸው ነገር ሁሉ በቀልድ የሚያልቅ የሚመስላቸው ጋሽ ፈቀደ ተቀምጠዋል። ቀዳማዊ ነጭ ጋቢውን አጣፍቶ ከበሩ በስተቀኝ ነው፤ ውዳሴ ከእናቷ ጎን። ጋሽ ባምላኩ መሐል ላይ ካለው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሰዓቷ በሰሃን ተደርጋ ቀረበችላቸው።

በላይነሽ ፖስታውን በነጠላዋ ሥር ይዛለች። ላብ አርሶታል።

"እሺ ባለሙያው" አሉ አቶ መሸሻ። "ከመናገርዎ በፊት ግን ይማሉ።"

ጋሽ ባምላኩ ቀና አሉ። "ምን?"

"በእኛ አገር ገማች ሳይምል ዋጋ አይጠራም። ማሳም ይገመት፣ በሬም ይገመት፣ መሐላ አለው። 'ለወዳጅ ሳላዳላ፣ ለጠላት ሳልበድል' ይላሉ። በቀራንዮው መድኃኔዓለም።"

"እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፣ አባቴ። ለአንዲት ሰዓት መድኃኔዓለምን..."

"ካልማሉ ሌላ ገማች እንጠራለን። ቀጠሮውም ለሚቀጥለው ሳምንት ይሆናል።"

የጋሽ ባምላኩ ዓይን በላይነሽን ፈለጋት። እሷ በጣም በቀስታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ አይማሉ፣ ይነሱና ይሂዱ ማለቷ ነው። ግን ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ወጥቶ መሄድ ምን የሚሉት ሽምግልና ነው? ደግሞም ጋሽ ባምላኩ ዛሬ ጠዋት የቆረቡ ሰው ናቸው።

"ለወዳጅ ሳላዳላ፣ ለጠላት ሳልበድል፣ መድኃኔዓለም ምስክሬ ነው" አሉ። ከዚያ ሰዓቷን አንስተው ሳይከፍቷት፣ ሳያሸቷት መልሰው ሰሃኑ ላይ አኖሯት። "አዲስ ሳለች ሦስት ሺህ። አሁን ስምንት መቶ ብር።"

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ፈቀደ ናቸው።

"አርባ ሺህ አልነበር ያልከን፣ ቀዳማዊ? ከዱባይ በእግሯ ስትመጣ ነዋ ሦስት ሺህ የሆነችው!"

ሳሎኑ በሳቅ ተናወጠ። አቶ መሸሻ ሳይቀሩ ጢማቸውን እየዳበሱ ፈገግ አሉ። አንዷ ሴትዮ "ኧረ ሠላሳ ሰባቱን ሺህ ጉምሩክ በልቶት ነው!" ብላ ጨመረችበት። ቀዳማዊም ሳቀ። ከሁሉም በላይ እሱ ሳቀ። ጭኑን እየመታ፣ ጥርሱን እያሳየ ሳቀ።

"ተሸወድኩ በቃ፣ አባቶቼ" አለ። "ነጋዴ ሲሸወድ ደስ ይላል አይደል?"

በላይነሽ የውዳሴ እጅ እጇ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተሰማት። ዘላ ተነሳች።

"አይደለም! ውድ ናት። ጥሩ ሰዓት ናት፤ እኛ ነን ያበላሸናት። ሳሙና ገብቶባት ነው። ባለሙያው በደንብ አላዩዋትም!"

"አንቺ ሴት" አሉ ጋሽ ፈቀደ እየሳቁ፤ "ለማን ነው የምትከራከሪው? ቀነሰልሽ እኮ! ይጨመርብኝ ብሎ የሚሟገት ባለዕዳ ዛሬ አየሁ!"

"ይጨመርብኝ። ይኸው።" ፖስታውን አወጣችው። "ሃያ ስምንት ሺህ ነው። ይውሰደው። ሰዓቷንም ይውሰድ። ብቻ ይልቀቀን።"

ሳቁ ቀጥ አለ። በላይነሽ ፖስታውን እንደዘረጋች ያደረገችው ነገር ገባት፤ መመለስ ግን አይቻልም። ሦስት ሺህ ብር የማትሞላ ሰዓት አርባ ሺህ ናት ብሎ ለዋሸ ሰው፣ በተሳቀበት አፍታ፣ ቁልፍ የምትተክል ሴት ሃያ ስምንት ሺህ ብር መዘርጋቷ ምጽዋት መሰለ። ቀዳማዊ ፖስታውን አየ። ፈገግታው አልጠፋም፤ ከንፈሩ ላይ ደርቆ ቀረ እንጂ።

"እትዬ በላይነሽ፣ ከእናት ገንዘብ ተቀብዬ የት ልደርስ?" አለ በለሰለሰ ድምፅ። "አልፈልግም። ሰዓቷም ለውዳሴ ትሁናት። ለእሷ ነው የሰጠኋት።"

"አየህ ጨዋ!" አሉ አቶ መሸሻ። "የሰው ልጅ እንዲህ ነው። ተባረክ፣ ልጄ።"

"ይውሰዳት፣ ጋሼ" አለች በላይነሽ። "በእናትዎ፣ እኛ ዘንድ አትቅር።"

"በላይነሽ!" ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። "ይቅር ባለ ሰው ላይ ብር መወርወር ነውር ነው። ስጦታውን መግፋት ደግሞ ቂም አለብኝ ማለት ነው። ቂም ይዘሽ ከቤቴ ልትወጪ ነው? በይ ልጄ፣ ውዳሴ፣ እጅሽን ስጪው። እሱ ይሰርልሽ። በሰላም መለያየታችሁን ዓይናችን ይይ።"

ውዳሴ እናቷን አየች። ሰው ሁሉ እሷን ያያታል። ተነሳች፤ አራት እርምጃ ሄዳ እጇን ዘረጋች። አረንጓዴው መስመር አንጓዋ ላይ ገና አልጠፋም። ቀዳማዊ ከሰሃኑ ላይ ሰዓቷን አነሳ፤ ቀስ ብሎ አሰረላት፤ ማሰሪያውን ቀድሞ ከሚገባበት ቀዳዳ አንድ አሳልፎ አጠበቀው። ሴቶቹ እልል አሉ። አቶ መሸሻ ቆመው መረቁ፤ "ጠብ ይራቅ፣ ፍቅር ይቅረብ፣ ይህ ቤት የእርቅ ቤት ይሁን።" አሜን፣ አሜን ተባለ።

"እርቅ ነውና" ጨመሩ ሽማግሌው በደስታ፤ "በመኪናህ ቤታቸው አድርሳቸው። ሰፈሩ አብራችሁ ስትሄዱ ይይ።"

"በደስታ" አለ ቀዳማዊ። ጋቢውን አጣጥፎ ቀድሟቸው ወጣ።

በረንዳው ላይ ጋሽ ባምላኩ ጫማቸውን ማሰር አቅቷቸው ጎንበስ እንዳሉ ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ይቅር በዪኝ፣ ልጄ። ስሙን ጠርቼ መዋሸት አቃተኝ።"

"አሁን የይቅርታ ጊዜ የለም፣ ጋሼ" አለች በላይነሽ በሹክሹክታ። መኪናው ግቢው በር ላይ ሞተሩ እየሠራ ነው። ሽማግሌዎቹ ሊሸኙ ከኋላቸው እየወጡ ነው። ፖስታውን ከነላቡ በውዳሴ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። "በጓሮ በር ይዘዋት ይውጡ። አየር ጤና መናኸሪያ ድረስ አብረዋት ይሂዱ። ወልቂጤ እህቴ አልማዜ አለች። ቤት አትግባ፣ ልብስ አትያዝ፣ መድኃኒት ቤቱም ጋ አትሂድ።"

"እማዬ፣ አንቺስ?"

"እኔን ሊያደርሰኝ ነው።"

"አይሆንም! የሚፈልገው እኔን..."

"ለዚህ ነዋ! ሁለታችንም ካልገባን ያሯሩጠናል። እኔ ከገባሁ እሱ ከእኔ ጋር ነው። ሂጂ፣ ውዴ። ስልክሽን አጥፊው።"

ውዳሴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች። ጋሽ ባምላኩ ክንዷን ያዙና "ነይ፣ ልጄ" አሏት። ሁለቱ በቤቱ ጎን ታጠፉ። በላይነሽ ዞር ብላ አላየቻቸውም፤ ብታይ እግሯ እንደማይሄድላት ታውቃለች። ቀጥ ብላ ሄዳ የመኪናውን የፊት በር ከፈተች፤ ገባች፤ ራሷ ዘጋችው።

"ውዳሴስ?" አለ ቀዳማዊ።

"ሰዓት ሠሪውን ልትሸኝ ነው። እኛ እንቅደም፤ በእግሯ ትደርሳለች።"

በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየ። አቶ መሸሻ በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ልውረድና ልፈልጋት ማለት አልቻለም። ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበላቸውና ነዳ።

በላይነሽ በልቧ መንገድ ትለካለች። አሁን ከጓሮ ወጥተዋል። አሁን ዋናው መንገድ ላይ ናቸው። እሑድ ነው፣ ታክሲ አይጠፋም። አሁን ተሳፍረዋል፤ እመቤቴ፣ ተሳፍረዋል በዪኝ።

"ያ ሰዓት ሠሪ" አለ ቀዳማዊ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፤ "ጎበዝ ነው። ሳይከፍታት ገመታት።"

በላይነሽ ነጠላዋን ሰበሰበች።

"ሰዓት ሠሪ ሳይከፍት ሲገምት አይቼ አላውቅም፣ እትዬ። መኪና ገማች እንኳ ኮፈኑን ያነሳል። ቀድሞ ያያት መሰለኝ። ማን አሳይቶት ይሆን?"

"እኔ ነኝ" አለች። ሌላ የምትለው አልነበራትም፤ ደግሞም ንዴቱ ወደ እሷ ቢዞር ይሻላል። "ውዳሴ አታውቅም። እኔ ነኝ የወሰድኳት።"

"ስለዚህ ከመላው ሰፈር በፊት አንቺ ታውቂ ነበር።" እርስዎ ማለቱን ትቶታል። "ስምንት መቶ ብር እንደሆነች እያወቅሽ ፖስታሽን ይዘሽ መጣሽ።"

"ልጄ፣ እንዲጨምርልኝ ለምኜው ነበር። አንተን ላከብርህ ብዬ..."

"አንቺ? እኔን?"

ሳቀ። የሳሎኑን ሳቅ ዓይነት አይደለም፤ ትንሽ፣ በአፍንጫው። ወደ ቤታቸው የሚያስገባው የኮብልስቶን መንገድ ከፊት ታየ። ጥጉ ላይ የታክሲ ፌርማታ አለ፤ ሁልጊዜ የምትወርድበት ነው። አንድ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ "አየር ጤና፣ አየር ጤና!" ይላል። ቀዳማዊ ፍጥነቱን አልቀነሰም። በላይነሽ የበሩን እጀታ ሳበች፤ ተቆልፏል።

"ወራጅ አለ" አለች። ከልምድ ያመለጣት ቃል ናት፤ ድምጿ ራሷን አስደነገጣት።

"ይሄ እኮ ታክሲ አይደለም፣ እትዬ" አለ ቀዳማዊ፤ ፌርማታውም ከኋላቸው ቀረ።